የታላቂቱ ልጅ ሳህን

ሩጋያ ሳህኑን "የኔ ነው" ብላ አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በገዛ እጇ አጥባዋለች፣ አድርቃዋለች፣ ጎረቤት ሊዋሰው ሲመጣ "ኧረ ቀስ! ኧረ በሁለት እጅ!" እያለች እስከ መንገዱ ጥግ ሸኝታዋለች። ስለሱ ስታወራ ግን ሁልጊዜ "የእትዬ ማሬልዲያ ሳህን" ነበር የምትለው።

ከቻይና ሸክላ የተሠራ ሰፊ ዝርግ ሳህን ነው። ዳር ዳሩን ሰማያዊ አበባ ዞሮታል፤ መሐሉ ላይ ሁለት ወፎች አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት ቦታ ተሰብሮ በነሐስ ሽቦ ተሰፍቷል። እንዴት እንደተሰበረ በኬፕታውን ስድስተኛው ወረዳ፣ በእነሩጋያ መንገድ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሩጋያና የእህቷ የማሬልዲያ እናት ቅድመ አያት ሰሊማ ከጃቫ በመርከብ ተጭና መጥታ የተሸጠች ወጥ ቤት ነበረች። አንድ የግብዣ ቀን ሳህኑ ከጌቶቿ ገበታ ወደቀ። የጣለው ሌላ ሰው ነው ይባላል፤ የተገረፈችው ግን ሰሊማ ናት። "ስባሪውን ወስደሽ ጣይ" አሏት። አልጣለችውም። በጨርቅ ጠቅልላ የምትተኛበት ሰሌን ሥር ደበቀችው፤ ባርነት ቀርቶ ከዚያ ቤት ስትወጣ የያዘችው ያንን ጥቅል ብቻ ነበር። ልብስ አጥባ ባገኘችው የመጀመሪያ ገንዘብ አሰፋችው።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ከእናት ወደ ታላቂቱ ሴት ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። ማሌይ በሚባሉት የመንገዱ ሙስሊሞች ቤት ልጅ ተወልዶ በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣለት፣ በእርድ ቢጫ የሆነው፣ ዘቢብ የገባበት ሩዝ የሚቀርበው በሱ ነው። በመውሊድ ሰሞን ሴቶቹ የሎሚ ቅጠል ከትፈው የጽጌረዳ ሽቶ የሚያርከፈክፉትም በሱ ላይ ነው።

ታላቂቱ ልጅ ማሬልዲያ ነበረች። ሩጋያን በሦስት ዓመት ትበልጣታለች። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ንጣት ነበራት፤ ዓይኗም ግራጫ። ልጆች ሳሉ ሰው ሁሉ "ይቺን ደግሞ ከየት ሰርቃችሁ አመጣችኋት?" እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ አልቀረም። ማሬልዲያ በሃያ ዓመቷ ከተማ መሐል ባለ ባርኔጣ ቤት፣ ለነጭ ብቻ በተፈቀደ ሥራ፣ "ማሪ እባላለሁ" ብላ ተቀጠረች። በዓመቱ ዲርክ የሚባል የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አገባች፤ የነጭ መታወቂያ አወጣች። ከዚያ በኋላ እናቷ ቤት አልመጣችም።

አንድ ጊዜ ብቻ ሩጋያና እናቷ ገበያ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ገጠሟት። ሕፃን በጋሪ ትገፋለች። እናትየዋ እጇን ስትዘረጋ ማሬልዲያ ዞር ብላ የሱቅ መስኮት ማየት ጀመረች። እናትየዋ የተዘረጋ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ሻሿን አስተካከለችበት። "ጋሪው ቆንጆ ነው" አለች። ስትሞት ለሩጋያ ትታላት የሄደችው ቃል ይኼ ነው። "ሳህኑን ጠብቂላት። አንድ ቀን ትመጣለች።"

በፈረንጆቹ 1972 የመልቀቂያው ደብዳቤ እነሩጋያ ቤት ደረሰ። ሰፈሩ "የነጮች ነው" ተብሎ ከታወጀ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ቤቶቹ በየተራ ይፈርሱ ነበር። የሩጋያ ባል ቶየር ግንበኛ ነው፤ የመንገዱን ቤቶች ግማሹን የለሰነው እሱ ነው። ቡልዶዘር የጎረቤታቸውን ግድግዳ ሲገፋ ቆሞ አየና፣ "ድሮም ነግሬው ነበር፣ አሸዋ አብዝቷል" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ሩጋያ ሲስቅ አልሰማችውም።

ከከተማው ርቆ፣ ነፋስ አሸዋ በሚነዳበት ሜዳ ላይ፣ ከአንድ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ሁለት ክፍል ተሰጣቸው። የመንገዱ ሰው አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ተበተነ። ሳህኑን የሚችል መደርደሪያ ስላልነበረ ከአልጋ ሥር ገባ። በፎቁ ጎረቤቶች ቤትም ልጅ ይወለዳል፤ ሳህን ሊዋስ የሚያንኳኳ ግን የለም። ማን ያውቀዋል? ቶየር በመጀመሪያው ክረምት ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠ ሞተ። የተኛ መስሏቸው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ አልቀሰቀሱትም።

ልጅ አልነበራቸውም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሩጋያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳህኑን ከሥር ሳበችው። እኔ ብሞት ይኼን ማን ያነሳዋል? ቤቱን ሊረከብ የሚመጣ ሰው ሲጋራውን ይተረኩስበታል። የእሷ ይሁን፤ ከፈለገች ትስበረው።

የእህቷን ቤት ታውቀዋለች። ቶየር አንድ ጊዜ በዚያ መንገድ ግድግዳ ሲለስን፣ "እህትሽን አየኋት፤ አበባ ታጠጣለች፤ ከስታለች" ብሏት ነበር። ሳህኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በባቡር ሄዳ፣ ከሐዲዱ ማዶ ያለውን የነጮች ሰፈር በእግሯ ወጣችው።

በሩን የከፈተችው የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ሩጋያ ልትናገር ያሰበችው ሁሉ ጠፋት። የእናቷ አገጭ፣ የእናቷ ግንባር፣ ልክ እንዳለ እፊቷ ቆሟል።

"ምንድነው?" አለች ልጅቱ። "የሚሸጥ ነገር ከሆነ በጓሮ ዙሪ። ይኼ የእንግዳ በር ነው።"

"ይቅርታ ሚስ። እመቤት ማሪን ፈልጌ ነበር።"

"እማ! አንዲት ማሌይ ሴትዮ ትፈልግሻለች!"

በጓሮ ዞራ ኩሽናው በር ላይ ስትደርስ ማሬልዲያ እጇን በፎጣ እየጠረገች ብቅ አለች። አየቻት። ፎጣው ላይ ያለው እጇ ቆመ። ልጅቱ ከኋላዋ መጥታ በትከሻዋ በኩል ታያለች።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለች ማሬልዲያ። ድምጿ የተማረችው ድምፅ ነበር፤ የሰፈራቸው ዜማ ተጠርጎ ወጥቶለታል።

"ዕቃ ይዤ ነው፣ እመቤቴ።"

"ፍቺው እስቲ!" አለች ልጅቱ። ብርድ ልብሱን ራሷ ገለጠችው። "እማ! እማ፣ ይኼ እኮ እውነተኛ የድሮ ነው! የዮሐን እናት ካላት ይበልጣል! ከየት አመጣሽው አንቺ?"

"የእናቴ ነው፣ ሚስ።"

"ሰርቀሽ እንዳይሆን ብቻ።"

"ማግዳ!" ጩኸቱ ከነገሩ በላይ ነበር።

"ምነው እማ? መጠየቅ ነውር ነው እንዴ? በይ ግዢልኝ፤ ለሠርጌ።"

"ምን ያደርግልሻል? የተሰፋ ነው።"

"ደስ ያለኝ ስፌቱ ነው! ስንት ነው?"

ሩጋያ እህቷን አየች። "በነጻ ውሰጂው" ብትል፣ አንዲት ማሌይ ሴት ለማታውቀው ነጭ እንዲህ ያለ ዕቃ ለምን ትሰጣለች ይባል ነበር። "እመቤቴ የሰጡኝን" አለች።

ማሬልዲያ ቦርሳዋን አምጥታ አንድ ወረቀት ገንዘብ አወጣች። ጣቷ የሩጋያን መዳፍ ነካ፤ በረዶ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ መነካካታቸው ይኼው ነው።

ማግዳ ለእጮኛዋ ለዮሐን ልትደውል ሮጠች። ኩሽናው ውስጥ ሁለቱ ቀሩ።

"ለምን መጣሽ?" አለች ማሬልዲያ፣ በሹክሹክታ።

"እማማ ጠብቂላት ብላኝ ነው።"

"እማማ... መቼ?"

"ከሞተች አሥራ አምስት ዓመቷ።"

ማሬልዲያ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። "አልሰማሁም።"

"ማን ይንገርሽ?"

"ሩጋ፣ በአላህ ይዤሻለሁ—" ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች፤ ወደ በሩ ዞረች። "ዲርክ አያውቅም። ቢያውቅ አንድ ቀን አያሳድረኝም። ማግዳ ያንን ልጅ አታገባም። ትንሹን ወንድሟን ከትምህርት ቤት ያስወጡታል። ሁሉም በአንድ ቀን ነው፣ ገባሽ?"

"እኔ ምን ተናገርኩ እትዬ?"

"እትዬ አትበይኝ።"

ማግዳ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። "አንቺ፣ ሥራሽ ምንድነው?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሚስ።"

"አየሽ እማ! የአልጋ ልብሱ፣ የገበታ ጨርቁ፣ መጋረጃው፣ ማን ይሰፋዋል ስንል! ሐሙስ ሐሙስ ትምጣ።"

ማሬልዲያ አፏን ከፈተች፤ እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች።

እንደዚህ ሆኖ ሩጋያ ሐሙስ ሐሙስ እህቷ ቤት መሄድ ጀመረች። በጓሮው በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ተቀመጠላት። ሻይዋ የሚቀርበው ለሠራተኛ በተለየው የቆርቆሮ ኩባያ ነው፤ የምታቀርበው ማሬልዲያ ነች። ስኳሩን ሳትጠይቃት ሦስት ማንኪያ ታደርግላታለች፣ ልጅ ሆና እንደምትወደው። ሩጋያ እስከ ጭላጩ ትጠጣዋለች። የሚያወሩት ስለ ክርና ስለ ጠርዝ ብቻ ነው።

ሳህኑ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሽቦ ተሰቀለ። አንድ ሐሙስ ማግዳ፣ "እናንተ ምን ታደርጉበት ነበር?" ብላ ጠየቀቻት።

"ሩዝ ነበር የሚቀርብበት፣ ሚስ።"

"ሩዝ! እማ ሰማሽ? ሩዝ ይዝቁበት ነበር!" እያለች ሳቀች። ማሬልዲያም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ተነስታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ሌላ ቀን ደግሞ ማግዳ ሳትኖር፣ ማሬልዲያ ከበረንዳው አጥር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ "መስጊዱ አለ?" አለች።

"አለ። መስጊዱን አልነኩትም። ዙሪያውን ነው ያፈረሱት።"

"አዛን ይባላል?"

"ይባላል። ግን ማን ቀርቶ ይስማው?"

ማሬልዲያ ኩባያውን አንስታ ገባች።

አሥራ አራተኛው ሐሙስ ላይ ሩጋያ ስትደርስ በሩ ላይ መኪና ተደርድሯል። ማግዳ ዓይኗ አብጦ በጓሮ በኩል ወጣች።

"እማዬ ማክሰኞ ወደቀች" አለች። "ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ቀብሩ ከሰዓት ነው። ስፌቱን ተዪውና ኩሽና ግቢልን፤ ሰው በዝቷል።"

ሩጋያ የስፌት ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ማክሰኞ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳትታጠብ፣ ሳይሰገድባት። የማጠቡ ድርሻ የእህት ነበር፤ የእሷ። ሽርጥ አቀበሏት። ሽርጡን ታጠቀች። ዳቦ ቆረጠች፣ ቅቤ ቀባች፣ ብርጭቆ አጠበች። ከምግብ ቤቱ በኩል ሰዎች ስለ አየሩ ያወራሉ። ሳህኑን ከግድግዳ አውርደው ኬክ ደርድረውበታል።

ማግዳ ትሪ ልትወስድ ስትገባ ሩጋያ ድፍረት አገኘች። "ሚስ፣ አንድ ጊዜ ፊታቸውን ልይ?"

ማግዳ ትንሽ አሰበች። "ነይ" አለች። "ትወድሽ ነበር መሰለኝ። ሐሙስ ጠዋት ፀጉሯን ታበጥር ነበር። ለማን ነው እያልኩ እስቅባት ነበር።"

ማሬልዲያ ሳሎኑ ውስጥ በሣጥን ተጋድማለች። ከንፈሯን ቀለም ቀብተዋታል። ማግዳ እንግዳ ጠርቷት ስትወጣ ሩጋያ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ የእምነት ምስክርነቱን፣ ሸሃዳውን፣ አለችላት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን ስትጀምር ከኋላዋ በሩ ተዘጋ።

ዲርክ ነው። ረጅም፣ ጎባጣ ሰው፤ ጥቁር ክራቫቱ ጠሟል።

"እህቷ ነሽ" አለ።

"ልብስ ሰፊዋ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ልብስ መስፋትሽንማ አያለሁ።" ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። "ከተጋባን በዓመቱ አንድ ሰው ነገረኝ፣ የእናንተን ሰፈር የሚያውቅ። ጥርሱን አራገፍኩለት። እውነቱን እንደሆነ ግን ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። በእንቅልፏ 'ሩጋ፣ ሩጋ' ትላለች። ስንት ዓመት ወንድ መስሎኝ ቀናሁ! ከዚያ ማግዳ ስምሽን ስትጠራ ሰማሁ።"

ሩጋያ የሣጥኑን ጠርዝ ያዘች። "ያውቁ ነበር?"

"ሃያ አንድ ዓመት።"

"ለምን አልነገሯትም?"

"ካወቅኩ የምትሸሽ መሰለኝ። ካልተናገርኩ የምትኖር መሰለኝ።"

"እርስዎን እኮ ነበር የምትፈራው" አለች ሩጋያ። "ሌላ ማንንም አይደለም። ቢያውቅ አንድ ቀን አያሳድረኝም አለችኝ፤ እዚህ፣ ኩሽናው ውስጥ። እናቷን ያልቀበረችው በእርስዎ ፍርሃት ነው።"

ዲርክ ወደ ሣጥኑ ሊቀርብ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ክራቫቱን አላላ። ከዚያ እንደ ልመና፣ "ለልጆቼ ስትዪ" አለ፣ "ካሁን በኋላ አትምጪ። ሕጉን ታውቂዋለሽ። ሳህኑን ውሰጂ ከፈለግሽ፤ ለማግዳ እኔ እነግራታለሁ።"

"የማግዳ ነው" አለች ሩጋያ። ለመጀመሪያ ጊዜ 'ሚስ' ሳትል ጠራቻት። "ታላቂቱ ልጅ እሷ ናት።"

አልገባውም። እሷም አላስረዳችውም። ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ አኖረችና ቀብሩ ሳይወጣ በጓሮ በር ሄደች። የነጮቹ መቃብር በር ላይ ማን ሊያስገባት?

በማግስቱ መስጊድ ሄዳ ኢማሙን ጠየቀች። ሽማግሌ ናቸው፤ እናቷን ያውቋት ነበር።

"በሩቅ ለሞተ ሰው ይሰገዳል አይደል ሼኽ?"

"ይሰገዳል ልጄ። ማን ናት?"

"እህቴ።"

ኢማሙ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። "ማሬልዲያ? የት ነበረች? በምን ሥርዓት ተቀበረች?"

ነገረቻቸው። ሁሉንም ሳይሆን የሚነገረውን ያህል።

"በእስልምናዋ ነው የሞተችው?" አሉ፣ በቀስታ።

ሩጋያ ያላት አንድ በድንጋጤ ያመለጠ የአላህ ስምና አንድ ስለ አዛን የተጠየቀ ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለቱንም ተናገረች። በአፏ ሲወጡ ትንሽ ነገር ሆኑባት።

"አላህ ነው የሚያውቀው" አሉ ኢማሙ። እንሰግዳለን አላሉም፤ አንሰግድምም አላሉም። ሩጋያ ጁምዓውን ጠበቀች፤ ሁለተኛውንም ጠበቀች። ከዚያ መጠበቅ ተወች።

ወደዚያ ቤት አትመለስም ብላ ነበር። በዓመቱ ግን እግሯ ወሰዳት። የማግዳን ሆድ ከሩቅ ለማየት ነበር፤ አርግዛ ይሆናል፣ ሴት ትወልድ ይሆናል እያለች። በረንዳው ላይ የማታውቃቸው ልጆች ይጫወታሉ። የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ልብስ ስታሰጣ አግኝታ ጠየቀቻት።

"ሰውየው ሸጦ ወደ ሰሜን ሄደ" አለቻት ሴትዮዋ። "ልጅቱማ አገባችና ባሏ ወደ አገሩ ወሰዳት፣ ባሕር ማዶ። አውሮፕላን ነው፣ ምን ይዛ ትሄዳለች? ዕቃው ሁሉ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ሄደ። ሁለት መኪና ሙሉ!"

"ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረ ሳህንስ?"

"እኔ ምን አውቄ? ምነው፣ ያንቺ ነበር?"

"አይ" አለች ሩጋያ።

አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበትን ሱቆች በተራ ዞረች። ሰኞ አንዱን፣ ረቡዕ ሌላውን። በአንዳንዱ ገና ከበር ይመልሷታል፤ በአንዳንዱ እንድትፈልግ ይተዋታል። መስኮት ሥር፣ ወንበር ሥር፣ የሣር ጭድ በተሞላ ሣጥን ውስጥ። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። የመጨረሻው ሱቅ ባለቤት ደግ ሰው ነበር። ስትገልጽለት በትዕግሥት ሰማት፤ ከላይ መደርደሪያ ሌላ ሳህን አወረደላት፤ ትልቅ፣ አዲስ የሚመስል፣ በወርቅ ቀለም የተከበበ።

"ይኼስ እማማ? ይኼ ከዚያኛው ይሻላል። እንከን የለውም። ለእርስዎ እቀንሳለሁ።"

ለክብሩ ስትል ተቀብላ አገላብጣ አየችው። "ያምራል" አለችና መለሰችለት።

ውጪ የረመዳን የመጨረሻው ቀን ነበር። ሴቶች ዘቢብና ቀረፋ ሸምተው፣ ቦርሳቸው ከብዷቸው፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ይጣደፋሉ። ሩጋያ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተሰለፈች። ለነገው ዒድ ምን እንደምታበስል ማሰብ ጀመረች። ለአንድ ሰው የሚሆን ነገር አልመጣላትም።